ደመራው በ11ኛው ጊዜ ለምን ጠፋ? ብርሃን ያለው ብቅ ባይ የልጆች መጽሐፍ ስለ መሥራት የቀረበ ጥያቄና 25 መልሶቹ

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የጥያቄና መልስ ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ለእኅቴ ልጅ 6ኛ ዓመት ልደት ባለ 3 ገጽ መጽሐፍ ሠርቼ ነበር። በመጀመሪያው ገጽ መጽሐፉ ሲገለጥ ደመራ ተነሥቶ ይቆማል፤ በችቦዎቹ መካከል የተሰኩ አንድ ቀይና አንድ ነጭ ኤልኢዲዎችም (ትንንሽ አምፖሎች) እሳት ሆነው ይበራሉ። በ2ኛው ገጽ ከዳር የወጣች የወረቀት ምላስ ስትጎተት ጅብ ከቋጥኝ ኋላ ብቅ ይልና ዓይኖቹ ይበራሉ። በ3ኛው ገጽ ኤርታ አሌ አለ፤ የተራራው አፍ ከፍ ብሎ ሲነሣ ከገጹ ላይ የተለጠፈ ቀይ ብርሃን ከሥሩ ይታያል። የተጠቀምኩት ወፍራም ካርድ ወረቀት፣ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ቴፕና ለየገጹ አንድ ክብ የሰዓት ባትሪ ነው። ሙያዬ ሥዕል ስለሆነ ወረቀቱና ቀለሙ አላስቸገረኝም፤ የኤሌክትሪክ እውቀቴ ግን ከትምህርት ቤት የተረፈችኝ ጥቂት ነገር ናት።

ደመራው 10 ጊዜ በሰላም ነደደ። በ11ኛው ልጁ መጽሐፉን ሲገልጠው ችቦዎቹ ቆሙ፣ እሳቱ ግን አልመጣም። ቀደም ሲል ቀርቦ እፍ ብሎበት ስለነበር ራሱ ያጠፋው መስሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ። በዚያው ሳምንት ጅቡም አንድ ዓይኑን አጣ። በጥያቄዬ መጨረሻ፣ እንደ ዋዛ፣ ኤርታ አሌው ግን እስካሁን እንደሚበራ ጻፍኩ። የጠየቅኩት ስለ ባትሪና ስለ አምፖል ነበር። የመጣውን መልስ በተራ ቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር እያሳጠርኩ አቀርበዋለሁ።

1ኛ መልስ። አንድ ትሑት ሰው በእርስዎታ እያናገሩኝ ሥራዬን አመሰገኑና የባትሪውን ዓይነት ጠየቁኝ። በላዩ ሲአር2032 የሚል ከተጻፈበት ቁጥሩ ራሱ መጠኑን እንደሚናገር አስረዱኝ፤ 20ው በሚሊ ሜትር የተለካ ስፋቱ ነው፣ 32ቱ ደግሞ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይገልጻል። ጉልበቱ 3 ቮልት ነው።

2ኛ መልስ። ባትሪው አልቋል፣ ሌላ ምክንያት የለም የሚል ባለ አንድ መስመር ፍርድ ነበር።

3ኛ መልስ የራሴ ነው። አዲስ ባትሪ አስገብቼ እንዳየሁና ምንም እንዳልተለወጠ አሳወቅኩ። የ2ኛው መልስ ባለቤት ከዚያ በኋላ አልተመለሱም።

4ኛ መልስ። ራዲዮ ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ አባት ገቡ። እኔን «ልጄ» እያሉ፣ ቀጭን ሽቦን እያጠፉ ሲመልሱት መጀመሪያ እንደሚጠነክር፣ ቀጥሎ እንደሚሰነጠቅ፣ በመጨረሻም እንደሚበጠስ አስታወሱኝ። የመዳብ ቴፕም ያው መዳብ ነውና በመጽሐፉ መሃል እጥፋት ላይ አቋርጦ ካለፈ፣ ልጁ ገጹን በከፈተና በዘጋ ቁጥር እኔ ሳላውቅ ሽቦውን ሲያጥፈው ኖሯል ማለት ነው። ቴስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያልፍ ሲሆን የሚጮኽ መለኪያ፣ ካለኝ አንዱን እግር ከእጥፋቱ በዚህ ወገን፣ ሌላውን በዚያ ወገን አድርጌ እንድፈትሽ አዘዙኝ።

5ኛ መልስ እንደገና የእኔ ነው። ከጎረቤት ቴስተር ተውሼ እንደተባልኩት አደረግኩ። ገጹ ግማሽ ድረስ ሲገለጥ ቴስተሩ ይጮኻል፤ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ዝም ይላል። በማጉያ መነጽር ስመለከት በእጥፋቱ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ቴፑን ከዳር እስከ ዳር ቆርጦታል። ገጹ ሲጠብ ሁለቱ ከንፈሮች ይነካካሉ፣ ሲዘረጋ ይለያያሉ። በዓይኔ አይቼው ስለማላውቅ ብዙ ደቂቃ ስከፍትና ስዘጋ ቆየሁ።

6ኛ መልስ ስለ ስሙ ነው። አንድ ሰው ብቅ ባይ መጽሐፍ የሚለው አጠራር ከየት እንደመጣ ጠይቀው፣ ገጹ ሲገለጥ ተነሥቶ የሚቆም ስለሆነ ተነሺ መጽሐፍ መባል አለበት ብለው በሰዋስው ተከራከሩ። ሙግታቸው ክፉ አይደለም፤ እኔ ግን ልጁ የሚለውን አጠራር ይዣለሁ።

7ኛ መልስ። አንድ የቴክኒክ ተማሪ ለእጥፋቱ የሚሆን ተለማጭ ሽቦ ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ማውጣት እንደሚቻል ጠቆመኝ። ዋጋ የለውም፣ በየቤቱ አለ፣ ሺህ ጊዜ ቢታጠፍም ይችላል አለ።

8ኛ መልስ። የ4ኛው መልስ ባለቤት ተመልሰው 7ኛውን አረሙ። የጆሮ ማዳመጫ ሽቦ ቀይና አረንጓዴ የሚመስለው በቫርኒሽ መሰል ሽፋን ስለተቀባ ነው፤ ሽፋኑ ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና እንዳለ ቢለጠፍ አምፖሉ አይበራም። ጫፉን በክብሪት ለአፍታ ለብለብ አድርጎ፣ ጥላሸቱን ጠርጎ፣ በቀለጠ ስታኞ (የሽቦ መበየጃ) መንከር ያስፈልጋል። በእጥፋቱ ላይም ሽቦው ተወጥሮ መለጠፍ የለበትም፤ ትንሽ ቀለበት ሠርቶ እንደ ላላ ክር እንዲተኛ መተው አለበት። ተማሪው በትሕትና ተቀበለ። በክሩ ውስጥ ያለ ክርክር የታረመ ስሕተት ይኸው ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

9ኛ መልስ ክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። በሕፃናት ክፍል የሚሠሩ አንዲት ነርስ ስለ ሥዕሉም ስለ ሽቦውም አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ ባትሪው በምን እንደታሸገ ጠየቁኝ። በስኮች ነው የለጠፍኩት። ይህን በጥያቄዬ ጽፌው ስለነበር መልሱን ያውቁት ነበር፤ የጠየቁኝ እንዳፍርበት ይመስለኛል፣ አፈርኩም። ነርሷ ያስረዱት እንዲህ ነው። ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ባትሪ በትንሽ ልጅ የምግብ ቧንቧ ላይ ለመቀርቀር የተለካ ያህል ነው። እዚያ ሲቆም እርጥቡ ሥጋ ራሱ ሽቦ ይሆንና ኤሌክትሪክ ያልፍበታል፤ በኔጋቲቩ ወገን ሥጋን የሚያቃጥል ብርቱ አልካሊ ይፈጠራል። በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። አምፖል ማብራት ያቃተው፣ አልቋል ተብሎ በመሳቢያ የተጣለ ባትሪም ይህን ለማድረግ የሚበቃ ጉልበት አለው። ልጁ ምራቅ ሊያዝረበርብ፣ ሊያስል ወይም ምግብ እምቢ ሊል ይችላልና ጉንፋን መስሎ ያታልላል። ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ አታስታውኩት፤ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል በቀጥታ ውሰዱት አሉ።

10ኛ መልስ። አንድ ሰው ይህን ያህል ማስፈራራት ምን ያደርጋል ብለው ተቆጡ። ታናሽ ወንድማቸው በልጅነቱ የ10 ሳንቲም ድፍን ውጦ በማግስቱ በሰላም እንደወጣለት ተርከው፣ ልጅ በእጁ ሳይነካ ምን ይማራል ሲሉ ደመደሙ።

11ኛ መልስ። ነርሷ ከእርስዎ ወደ አንተ ወረዱ። ሳንቲም ኤሌክትሪክ እንደሌለው፣ ወንድምህ የዋጠው ገንዘብ እንጂ ባትሪ እንዳልነበረ፣ እርሳቸው በሙያቸው ያዩትን እርሱ አለማየቱ ዕድል እንጂ እውቀት እንዳልሆነ ነገሩት። ቃሉ ሻካራ ነበር፤ እኔ ግን ባትሪዎቹን ከ3ቱም ገጾች ያወጣሁት ይህን አንብቤ እንደጨረስኩ ነው።

12ኛ መልስ። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት እናት ጠቡን ለማብረድ ገቡ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ክብ ባትሪ የሚገባበት ዕቃ ማኅደሩ ልጅ የማይከፍተው መሆን እንዳለበት፣ ይህም ማለት እንደ ካቻቢቴ ባለ መሣሪያ ብቻ የሚፈታ ወይም ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ክዳን እንዲኖረው እንደሆነ ገለጹ። ቀጥለውም ክቡን ባትሪ ጨርሶ ትቼ ሁለት ትንንሽ ድንጋይ በሚይዝና በቪቲ በሚዘጋ ሣጥን እንድጠቀም መከሩኝ። እግረ መንገዳቸውን፣ የመዳብ ቴፕ ከአገር ውጭ ለሚፈልግ ሰው ከኤሌክትሮኒክስ መደብር ይልቅ የአትክልት ዕቃ በሚሸጥበት እንደሚረክስ ተናገሩ፤ በዚያ የሚሸጠው ቀንድ አውጣ ተክል ላይ እንዳይወጣ ለመከላከል ነው።

13ኛ መልስ። የራዲዮው አባት ምክሩን አመስግነው አስጠነቀቁ። ክቡ ባትሪ በውስጡ ያለው የራሱ መቋቋሚያ ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ እንዳይወጣ ስለሚገታው አምፖሉ ያለ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ይተርፋል፤ ድንጋይ ግን እንደዚያ አይሳሳም። ቀይ ኤልኢዲ የሚፈልገው ወደ 2 ቮልት ገደማ ነውና ከ2 ድንጋይ በቀጥታ ቢያያዝ ይጎዳል። ሬዚስተር የሌለበት መጽሐፍ እንዳልሠራ ቃል አስገቡኝ።

14ኛ መልስ። የቴክኒክ ተማሪው፣ አሁን ጠንቀቅ ብሎ፣ ማንም ያልጠየቀውን አንሥቶ የደመራው ነጭ አምፖል ከጅምሩ እንደሚገባው በርቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። እንደሚገባው በርቶ አያውቅም፤ እኔ አምፖሉ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ነጭና ሰማያዊ ኤልኢዲ ወደ 3 ቮልት ይፈልጋሉ፤ ከቀይ ጋር ጎን ለጎን በአንድ መስመር ሲታሰሩ ቀዩ በ2 ቮልት መንደድ ይጀምርና መስመሩን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ነጩም የሚደርሰው አያገኝም። አንድ ማዕድ ላይ የሚበላና የሚያይ ማለት ነው።

15ኛ መልስ የሙያ ባልደረባዬ የሆነች ሠዓሊት የጻፈችው ነው፤ እኔም ይህን ሳላስብ በመቅረቴ ተናድጃለሁ። አምፖሎቹ ሁሉ ነጭ ይሁኑ፣ ቀለሙን ወረቀቱ ይስጥ አለች። በአምፖሉ ላይ በውሃ ቀለም የተቀባ ትሬሲንግ ወረቀት ቢደረብ፣ ከታች ቀይ፣ ከፍ ሲል ብርቱካናማ፣ ከጫፍ ቢጫ እያለ የሚሄድ እሳት ይገኛል፤ ሁለት ዓይነት አምፖል ከሚሰጠው ነጠብጣብ ብርሃንም ለዓይን ይለዝባል።

16ኛ መልስ። ሁሉም ነጭ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል ሲሉ የራዲዮው አባት ለ3ኛ ጊዜ ተመለሱ። ሁለት ድንጋይ ትንሽ ሲደክም ነጩ ስለሚፈዝ 3 ድንጋይ ይሁን፤ 4.5 ቮልት ይሆናል። ከዚያ ላይ አምፖሉ 3ቱን ይወስዳል፣ 1.5 ይተርፋል፤ ያን የሚሸከም የ150 ኦም ሬዚስተር ለእያንዳንዱ አምፖል ለብቻው ቢሰጠው 10 ሚሊ አምፔር ያልፋል፣ ይህም ለመጽሐፍ ይበቃል። ሬዚስተሩ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ ቀለበት አለው። ማኅደሩንም መግዛት አያስፈልግም አሉ፤ ከተጣለ የበዓል መብራት ላይ ቪቲ ያለው ሣጥን መንቀል ይቻላል።

17ኛ መልስ። አንድ አንባቢ ጉዳዩ አዲስ እንዳልሆነ ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ክፍል፣ በሚዲያ ላብ፣ ጂ ቺ እና ሊያ ቢዩክሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የመዳብ ቴፕ፣ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ቀለምና ጨርቅ፣ እንዲሁም ሲሞቅ የሚኮማተር ሽቦ በብቅ ባይ መጽሐፍ ገጾች ውስጥ አዋህደው ነበር። አንባቢው ለእኔም አነስተኛ ኮምፒውተር ገጹ ውስጥ ቢገባ እሳቱ ሊርገበገብ እንደሚችል ጠቆሙ። ገና አንድ አምፖል ማብራት ለተቸገረች ሰው ይህ የሚበዛ ይመስለኛል።

18ኛ መልስ። በዚህ መሃል አንድ የታሪክ ወዳጅ ከአገራችን ብራና አንድ ነገር አመጡ። ቅዱሳን የተሣሉበት፣ እንደ አኮርዲዮን እየታጠፈ የሚዘጋውን ሰንሰል አስታወሱ፤ ቀጥሎም በባልቲሞር ዋልተርስ ሙዚየም የሚገኘውን፣ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተሠራውን፣ ሲዘጋ ቀጭን፣ ሲዘረጋ ክብ የሚሆነውን የኢትዮጵያ የብራና ማራገቢያ ሥዕል ጠቀሱ። እጥፋትን የምናውቅ ሕዝብ ነን፣ ስለምን ከውጭ እንማራለን የሚል ስሜት ነበረው።

19ኛ መልስ ይህን በቁጣ መለሰው። ብራና ቆዳ ነው፣ ካርድ ወረቀት ግን ተጨፍልቆ የደረቀ የእንጨት ጭረት ነው፤ 500 ዓመት የታጠፈ ብራና ስለ ተሰነጠቀ የመዳብ ቴፕ የሚነግረን የለም፣ ክሩም የኩራት መድረክ አይደለም ተባለ። ጸሓፊው አነጋገራቸው ባያምርም በነገሩ ላይ ስሕተት የለባቸውም። ሆኖም ከሰንሰሉ አንድ ነገር ወስጃለሁ፤ ሥዕሎቹ በየገጹ መሃል ይሣላሉ፣ የቅዱሱ ፊት በእጥፋት ላይ አይውልም።

20ኛ እና 21ኛ መልሶች ስለ ደመራ ናቸው። አንደኛው በሥዕሌ ላይ ሰማዩ የምሽት መሆኑን አይተው፣ በእነርሱ አገር ደመራ የሚለኮሰው መስከረም 17 ጎሕ ሲቀድ ነው ብለው አረሙኝ። ሌላው ደግሞ የአዲስ አበባው መስከረም 16 አመሻሽ ላይ እንደሆነ፣ እኔም ያየሁትን እንደሣልኩ ተከላከሉልኝ፤ ከዚያ ደመራው ወደየት ቢወድቅ ምን ያሳያል ወደሚለው ሊሄዱ ሲሉ የመድረኩ አስተናባሪ ለስለስ ባለ ቃል መለሷቸው። ለእኔ ጥቅም ነበረው፤ ነጭ አምፖል በጥቁር ሰማያዊ ሰማይ ላይ ሲያምር በጎሕ ሮዝ ላይ እንደሚጠፋ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

22ኛ መልስ ከሁሉ ያነሰ ቁጣና ከሁሉ የበለጠ ፍሬ የነበረው ነው። ሠርግ ወረቀት በማተሚያ ቤት ሲያጥፉ የኖሩ አንዲት ሴት፣ እኔ ራሴ በመጀመሪያው ጽሑፌ ኤርታ አሌው እንዳልጠፋ ስናገር ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ እንደገረማቸው ጻፉ። በኤርታ አሌው ገጽ ባትሪው፣ ቴፑና አምፖሉ በሙሉ ከእጥፋቱ በቀኝ ወገን ናቸው፤ የሚንቀሳቀሰው ባዶ ወረቀት ነው። በደመራው ግን አምፖሎቹ በተነሺው ችቦ ላይ ስለተሰኩ ሽቦው ሁለት ጊዜ እጥፋት ይሻገራል። እንግዲህ ብርሃኑ በገጹ ላይ ይቀመጥ፣ ወረቀቱ በላዩ ይነሣ አሉ። የ7ኛውና የ8ኛው መልስ ሽቦም አያስፈልግም። ደመራው ውስጡ ባዶ ሆኖ እንደ ድንኳን ቢቆም ከሥሩ የሚመጣው ብርሃን በችቦዎቹ ክፍተት ሁሉ ይወጣል።

በዚያው መልስ የወረቀት ጅማት እንዳለውም አስተማሩኝ። አንድ ቁራጭ ካርድ በሁለት አቅጣጫ ጎበጥ ሲያደርጉት በአንዱ በኩል እሺ ይላል፣ በሌላው ይገትራል፤ እሺ የሚለው ከጅማቱ ጋር ሲሄድ ነው። እጥፋት በጅማቱ ርዝመት ከሆነ ጥርት ብሎ ይታጠፋል፣ ጅማቱን ከቆረጠ ግን ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ብዙ ሳይቆይም ተነሺው ይንጋደዳል። ከመታጠፉ በፊትም ቀለም በሌለው እስክሪብቶ ጫፍ መስመሩን ጫን ብሎ ማስመር ይገባል። ከእኔ ቤት የተረፉትን ቁርጥራጮች አንድ በአንድ ጎበጥ እያደረግኩ ስፈትሽ ያመሸሁት ያን ዕለት ነው፤ የጅቡን ገጽ በተቃራኒው ቆርጬው ኖሯል።

23ኛ መልስ። አንድ የባዮሎጂ መምህር ጅቡን ተቹ። የጅብ ዓይን ከራሱ ብርሃን አያወጣም፤ ከዓይኑ በስተ ኋላ ያለ ንጣፍ የመጣበትን ብርሃን ስለሚመልስ ነው በጨለማ የሚያበራው። ልጁ የተሳሳተ ነገር እንዳይማር፣ ምላሷ ስትጎተት ከጅቡ ፊት የእጅ ባትሪ የያዘ ሰው እንዲወጣና ዓይኖቹ ያን ጊዜ ብቻ እንዲበሩ አሳሰቡ። ከሠሩ አይቀር እንዲህ ነው። በምላሷ ሥር የተለጠፈች ቁራጭ መዳብ ሰውየው ቦታው ሲደርስ የተቋረጡትን ሁለት መስመሮች ታገናኛለች፣ ማብሪያ ማጥፊያውም እርሷው ትሆናለች።

24ኛ መልስ የእኔ ነው፤ ሁለተኛውን መጽሐፍ ሠርቼ የጻፍኩት። ሣጥኑ በኋላ ሽፋን ውስጥ በ2 ቪቲ ታስሯል፤ ድንጋዮቹ ቀጫጭኖቹ ቢሆኑም ሽፋኑ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ወፍሯል። ከሣጥኑ ወደ ገጾቹ የሚሄዱት ሽቦዎች የግድ እጥፋት ስለሚሻገሩ ለእነርሱ ብቻ የ8ኛውን መልስ ቀለበት ተጠቀምኩ። አንድ ስሕተት ግን ጨመርኩ፤ መጽሐፉ ሲዘጋ የ2ኛው ገጽ ቴፕ ከፊቱ ያለውን ቴፕ እየነካ ሾርት ያደርግ ነበር፣ ሣጥኑም በአንድ ሌሊት ለብ ብሎ ድንጋዮቹ አለቁ። አሁን ቴፑ ሁሉ በቀጭን ወረቀት ተሸፍኗል። ደመራው እስከ ዛሬ ከ200 ጊዜ በላይ ተከፍቷል፤ የሚቆጥረው ልጁ ነውና ቁጥሩን በኃላፊነት አልሰጥም። የቀረኝ ችግር የጅቡ ግራ ዓይን ከቀኙ መፍዘዙ ነበር።

25ኛ መልስ። የራዲዮው አባት ሁለቱን አምፖሎች እንዳቀያይርና ድንግዝግዙ ከአምፖሉ ጋር ይሂድ ወይስ በግራ ይቅር እንድመለከት አዘዙኝ። አቀያየርኩ፤ በግራ ቀረ። ሄጄ ስፈትሽ በግራው መስመር ማእዘን ላይ ቴፑን ቆርጬ በላዩ ሌላ ቁራጭ ለጥፌያለሁ፤ የእኔ ቴፕ ማጣበቂያው ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያሳልፍ ዓይነት አይደለም። ቁራጩን አንሥቼ አንዱን ወጥ ቴፕ በማእዘኑ ላይ እንደ ሪባን አጥፌ ባለፍኩበት ምሽት ልጁ ምላሷን ጎተተ፤ የእጅ ባትሪ የያዘው ሰው ወጣ፣ ሁለቱም ዓይኖች እኩል በሩ። ሰውየው ለምን እንደማይሮጥ ጠየቀኝ።